ስለ እሳተ ገሞራ፤ አፈጣጠሩ፣ ጉዳቱና ጥቅሙ

በናይሮቢ ከተማ በስተ ምዕራብ የሚገኘው ላቪንግተን ዛፍ የበዛበት ጸጥተኛ ሰፈር ነው። ይሁን እንጂ ለቤት መሠረት መሬቱ ሲቆፈር በመጀመሪያ ቀይ አፈር፣ ከሥሩም ከእሳት የተወለደ ጠንካራ አለት ይገኛል። ይህ አለት ከሚሊዮን ከሚቈጠሩ ዓመታት በፊት ቀልጦ ፈስሶ የበረደ ድንጋይ ነው። ከከተማው በደቡብ ምዕራብ የሚታዩት የንጎንግ ኮረብቶችም የአንድ ጥንታዊ እሳተ ገሞራ ቅሪት ናቸው።

እሳተ ገሞራ የሚፈጠርበት ምክንያት እንደሚከተለው ነው። ከምድር ቅርፊት በታች ያለው አለት እጅግ የጋለ ቢሆንም፣ ከላዩ ያለው ክብደት ስለሚጫነው አብዛኛው ሳይቀልጥ ይኖራል። በስምጥ ሸለቆ ግን ቅርፊቱ ግራና ቀኝ ስለሚሳብ ይሳሳል። የጋለውም አለት ወደ ላይ ሲነሣ ጫናው ይቀልለታል፤ ጫናው ሲቀልም ከፊሉ ይቀልጣል። ቅላጩ በዙሪያው ካለው አለት ይልቅ ቀላል በመሆኑ በስንጥቅ በኩል ወደ ላይ ይወጣል። በውስጡ የሟሟው የውሃ እንፋሎትና ሌላው ጋዝ ወደ ምድር ገጽ ሲቃረብ፣ ታፍኖ የቆየ ጠጅ ክዳኑ ሲነሣ እንደሚገነፍል ሁሉ አረፋ ይሆናል። ቀጭኑ ቅላጭ ጋዙን በቀላሉ ስለሚለቅ እንደ ወንዝ ይፈስሳል፤ ወፍራሙ ግን ጋዙን አምቆ ይዞ በድንገት ይፈነዳል፤ አመድና ድንጋይም ይረጫል።

የሚያደርሰው ጉዳት ብዙ ዓይነት ነው። በኤርትራ በቀይ ባሕር ጠረፍ አጠገብ ያለው ዱቢ ተራራ እ.ኤ.አ. በ1861 ፈንድቶ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች እንደ ሞቱ ተመዝግቧል። በካሜሩን እ.ኤ.አ. በ1986 ከኒዮስ ሐይቅ የወጣ ጋዝ 1,700 ያህል ሰዎችን በአንድ ሌሊት ገድሏል። በአፋር እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር የሚያህል ስንጥቅ በቅላጭ ተሞልቶ ምድሪቱ እስከ 8 ሜትር ተራርቃለች። እ.ኤ.አ. ኅዳር 23 ቀን 2025 ደግሞ በዚያው በአፋር የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ደርሷል። በአፍዴራ አካባቢም የግጦሽ ሣር በአመድ በመሸፈኑ አርብቶ አደሩ ለከብቶቹ ተጨንቋል። እሳቱ ከራቀም በኋላ ጉዳቱ በሣርና በውሃ በኩል እንደሚቀጥል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ስለ ሆነም ሕዝቡ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። የምድር መንቀጥቀጥ ሲደጋገም፣ መሬት ሲሰነጠቅ ወይም አዲስ እንፋሎት ሲታይ ጉዳዩን ሳይዘገዩ ለአካባቢው ሹም ማስታወቅ ያስፈልጋል። ከባድ ጋዝ በዝቅተኛ ስፍራ ስለሚጠራቀም ከሸለቆ መራቅ ይበጃል። አመድ ሲዘንብ አፍና አፍንጫን በጨርቅ መሸፈን፣ የውሃ ዕቃን መክደን፣ ከብቶችንም አመድ ከነካው ሣር መከልከል ተገቢ ነው። በጣራ ላይ የተከመረ አመድ በዝናብ ሲርስ ስለሚከብድ ቤቱን ሊያፈርስ ይችላል፤ ስለዚህ አስቀድሞ በጥንቃቄ መጠረግ አለበት።

ይሁን እንጂ ይኸው እሳት ለሰው ልጅ የሰጠው ጥቅም ጥቂት አይደለም። አለቱ በዝናብና በፀሐይ ብዛት ተፈረካክሶ ለም አፈር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1899 የተቋቋመው የቅዱስ ኦስቲን ካቶሊክ ሚሲዮን በዛሬው ላቪንግተን አካባቢ ቡና ያለማው በዚህ ቀይ አፈር ላይ ነው። ከእሳተ ገሞራ አመድ የተጋገረው ድንጋይም ተጠርቦ የናይሮቢ ብዙ ቤቶች ተሠርተውበታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የምድር ውስጥ እንፋሎት ነው። ከሎንጎኖት ተራራ በስተ ምዕራብ በኦልካሪያ እ.ኤ.አ. በ1981 የመጀመሪያው የእንፋሎት መብራት ኃይል መኪና ሥራውን ጀመረ። ዛሬ ኬንያ ከምታመነጨው ኤሌክትሪክ ከመቶ እጅ 40 የሚበልጠው ከምድር ሙቀት የሚገኝ ነው። በኢትዮጵያም በአሉቶ ላንጋኖ ይኸው ሥራ ተጀምሯል።

ስለዚህ በላቪንግተን ማታ መብራት የሚያበራ ሰው፣ ሳያስበው ከስምጥ ሸለቆ እሳት ይጠቀማል። እሳቱን ከመፈንዳት የሚከለክለው ሰው የለም፤ ጠባዩን የተማረ ሕዝብ ግን ከጉዳቱ ይሸሻል፤ በበረከቱም ይጠቀማል።