ተጨማሪ መረጃ፦ ብድሩ ያልተከፈለበት ቤት

በመካነ ሰላም ከተማ ቤቱን አስይዞ ከባንክ የተበደረ ነጋዴ ዕዳውን በጊዜው ባይከፍል፣ ባንኩ ክስ ሳይመሠርት ቤቱን በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3060 አበዳሪው ያለ ክስ እንዲሸጥ የሚፈቅድ ስምምነትን ዋጋ አሳጥቶት ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 97/1990 ግን በውል እስከተስማሙና ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እስከተሰጠ ድረስ ለባንኮች ፈቀደ። ያለ ዳኛ ቤት መሸጥ በደል ነው የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ባንክ የሚያበድረው የአስቀማጮችን ገንዘብ ነው፤ ክሱ በተራዘመ ቁጥርም ወለዱ የሚቆጠረው በዚያው በተበዳሪው ላይ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ዋጋው ነው። የሐራጅ ማስታወቂያ የአስያዡን ስም፣ የቦታውን ስፋትና መነሻ ዋጋውን ይዘረዝራል፤ ተጫራቹም ብዙውን ጊዜ የመነሻውን ሩብ በሲፒኦ ያስይዛል። በትንሽ ከተማ ይህን የሚችል ጥቂት ነው። ተጫራች ከሳሳ ቤቱ በርካሽ ይሄዳል፤ ከዕዳው ተርፎ ለባለቤቱ የሚመለሰው ገንዘብም ይመነምናል። ስለዚህ ማስታወቂያው በአካባቢው በሰፊው መነገር አለበት። አዋጁም ሥርዓቱን ጥሶ ተበዳሪውን የጎዳ ባንክ ተጠያቂ ነው ይላል።

በመካነ ሰላም ዙሪያ ባለው የቦረና ወረዳ ገጠር ነገሩ ይለያል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥምና አበዳሪ የገበሬውን ማሳ በሐራጅ ሊያወጣው አይችልም።