የሚፈራ አለቃ ወይስ የሚያገለግል መሪ?

በሆስፒታል ውስጥ ብዙው ሥራ የሚሠራው አለቃ በማያይበት ሰዓት ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሕመምተኛ ሲጣራ ነርሷ ፈጥና መነሣቷን፣ መድኃኒቱን ከመስጠቷ በፊት ስሙንና መጠኑን ደግማ ማየቷን ማን ይቆጣጠራል? የፊርማ መዝገብ ሠራተኛው መግባቱን ይናገራል፤ ልቡ አብሮት መግባቱን ግን አይናገርም። ስለዚህ የአገልግሎት ጥራት ጉዳይ በመጨረሻ የሠራተኛው ልብ ጉዳይ ነው። ይህን ልብ ከሚያነሣሡት ወይም ከሚያቀዘቅዙት ነገሮች አንዱ ደግሞ አመራር ነው።

ጄምስ ማክግሬገር በርንስ የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ ሁለት ዓይነት አመራር ለይተው አሳይተዋል። አንዱ በልውውጥ የሚመራ ነው፦ ለሠራ ይሰጣል፣ ያልሠራውን ይቀጣል። ሌላው የሥራውን ዓላማ እያሳየ የሚመራቸውን ሰዎች ከፍ ያደርጋል። ከዚያ ቀደም ሮበርት ግሪንሊፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አገልጋይ መሪ ጽፈው ነበር። ይህ አሳብ ለእኛ አዲስ አይደለም። ጌታችን ትልቅ ሊሆን የሚወድ አገልጋይ ይሁን ብሎ አስቀድሞ አስተምሮናል (ማቴ. 20፥25-28)።

በቁጣ የሚመራ አለቃ ጸጥታ ያገኝ ይሆናል። ነገር ግን ይህ ጸጥታ በሆስፒታል ውስጥ አደገኛ ነው። ኤሚ ኤድመንድሰን የተባሉ ተመራማሪ በአሜሪካ ሆስፒታሎች የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተትን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጡት ጽሑፍ ያልተጠበቀ ውጤት ይዞ መጣ። በመልካም አመራር ሥር ባሉት ክፍሎች የተመዘገበው ስሕተት ከሌሎቹ ይልቅ በዝቶ ተገኘ! ምክንያቱ ሲመረመር በእነዚህ ክፍሎች ያሉ ነርሶች ስሕተትን ሳይፈሩ ይናገሩ ነበር። ኃላፊው በሚፈራበት ክፍል ግን ስሕተቱ ይደበቃል። የተደበቀ ስሕተት አይታረምም፤ ዋጋውንም የሚከፍለው በአልጋ ላይ የተኛው ሰው ነው።

በአገራችንም መልካም ምሳሌ አለ። ክርስቲያኖቹ ባልና ሚስት ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ። ቀደም ብሎ በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሲሠሩ ካከሟቸው ሴቶች መካከል ማሚቱ ጋሼ ይገኛሉ። ከገጠር የመጡ፣ ትምህርት ቤት ያልገቡ ሴት ነበሩ። ከታከሙ በኋላ አልጋ በማንጠፍ ሥራ ጀመሩ። ሐኪሞቹ ግን ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል አስገቧቸው፤ በመጀመሪያ እያገዙ፣ ቀጥሎም እየሠሩ እንዲማሩ አደረጉ። በመጨረሻ ማሚቱ ራሳቸው የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና የሚያደርጉ፣ ሐኪሞችንም የሚያሠለጥኑ ባለሙያ ሆኑ። መሪ በሠራተኛው ውስጥ ያለውን ስጦታ አይቶ ሲያሳድግ እንዲህ ያለ ትጋት ይወለዳል።

እንግዲህ አገልጋይ መሪ መሆን ልል መሆን አይደለም። ቸልተኝነትን የሚያይ መሪ ሊገሥጽ ይገባዋል፤ ሕመምተኛውን የሚጎዳ ትዕግሥት ፍቅር አይባልም። ደግሞም ጓንትና ውኃ ሳይቀርብ፣ ደመወዝም በጊዜው ሳይከፈል ስለ ትጋት ብቻ መስበክ ሸክምን በሰው ጫንቃ ላይ መጫን ነው።

ወገኖች ሆይ፣ ከመካከላችን በሆስፒታል የሚሠሩም የሚመሩም ብዙዎች ናቸው። ሐዋርያው ጳውሎስ ሠራተኞች ለታይታ ሳይሆን ለጌታ እንደሚሆን እንዲሠሩ ይመክራል (ቆላ. 3፥22-24)። ጌቶችም ዛቻን እንዲተዉ ያዝዛል፤ በሰማይ የሁለቱም ጌታ አለና (ኤፌ. 6፥9)። ኃላፊ የሆንክ ወንድሜ፣ ኃላፊ የሆንሽ እኅቴ፣ ባለፈው ወር ከሥራችሁ ካሉት መካከል ስሕተቱን በራሱ ፈቃድ መጥቶ የነገራችሁ አለ? ማንም ከሌለ፣ ስሕተት ስላልነበረ ነው ብላችሁ ከመደሰታችሁ በፊት ምናልባት ፈርተዋችሁ እንደሆነ መርምሩ።

ጌታ የአገልጋይን ልብ ይስጠን። አሜን።