የጥርኝ ውሃው ሒሳብ

ወረታ ላይ መንገዱ ይከፈላል። ከባሕር ዳር የመጣ መኪና ወይ በአዲስ ዘመን አድርጎ ጎንደር ይገባል፤ ወይ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በአለም በር በኩል ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል። ከተማዋን የከበበው የፎገራ ሜዳ ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ሞልተው የሚተኙበት፣ ገበሬው ሩዝ የሚዘራበት አገር ነው። በዚህ አገር «ሰው የሚድነው በሥራው ነው ወይስ በእግዚአብሔር ቸርነት?» ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ብዙ ጊዜ በክርክር አይመጣም፤ የበላዔ ሰብእ ታሪክ ይነገረዋል።

በላዔ ሰብእ የቅምር ሰው ነው። ቤተሰቡን ሳይቀር 78 ነፍስ በልቷል። አንድ ቀን በቁስል የተመታ ነዳይ ውሃ ለመነው። በእግዚአብሔር ስም ቢለምነው እምቢ አለ፤ በመጨረሻ በማርያም ስም ሲለምነው ጥርኝ ውሃ ሰጠው። ሞቶ ሥራው በሚዛን ሲመዘን 78ቱ ነፍሳት በአንድ ወገን፣ ጥርኝ ውሃው በሌላ ወገን ሆነ። እመቤታችን በውሃው ላይ ጥላዋን ስታሳርፍበት ሚዛኑ ወደ ውሃው አጋደለ። የካቲት 16 በኪዳነ ምሕረት በዓል ይህ ይነገራል፤ ሠዓሊዎችም ሚዛኑን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ደጋግመው ሥለውታል።

ታሪኩን የሚነቅፉ «በጥርኝ ውሃ ገነት ተሸጠ» ይላሉ። አጥብቀው የሚወዱት ደግሞ «ምጽዋት ያድናል» ብለው ይቋጩታል። ሁለቱም ሒሳቡን በቅጡ አላዩትም። የሚያድነው የሥራ ብዛት ቢሆን ኖሮ 78 ነፍስ ወዲያው ባሸነፈ ነበር። ሥራ ከንቱ ቢሆን ደግሞ ጥላው የሚያርፍበት ነገር ባልኖረ ነበር። ተራኪው ሆነ ብሎ ሊተካከል የማይችል ሚዛን አቁሞ፣ የጎደለውን የሞላው ምሕረት መሆኑን አሳየ፤ ነገር ግን ሰውየው እጁን ሳይዘረጋ አላለፈም።

የተዋሕዶ መምህራንም የሚያስተምሩት ከዚህ የራቀ አይደለም። ጳውሎስ በኤፌሶን መልእክት ምዕራፍ 2 መዳን በጸጋ የተሰጠ ስጦታ እንጂ በሥራ የተገኘ አይደለም ካለ በኋላ፣ እዚያው ቁጥር 10 ላይ ሰው ለመልካም ሥራ እንደተፈጠረ ይናገራል። ያዕቆብ ደግሞ ሥራ የሌለውን እምነት ሙት ይለዋል። በመምህራኑ ዘንድ ሁለቱ አይጣሉም፤ ጾሙም ስግደቱም ምጽዋቱም ለጸጋው የሚሰጥ መልስ ነው። በአውሮፓ ግን ነገሩ እሳት አስነሣ። በ1517 እ.ኤ.አ. ማርቲን ሉተር የተነሣው የይቅርታ ወረቀት በገንዘብ ሲቸበቸብ አይቶ ነው። የሚገርመው፣ በ1534 እ.ኤ.አ. ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተር ጋር ስለ እምነት ተወያይቷል። ሉተርም በብዙ ነጥብ መስማማታቸውን በጻፈለት የአደራ ደብዳቤ መስክሮለታል። ዲያቆኑ የመጣው የይቅርታ ወረቀት ገበያ ካልነበረበት አገር ነው፤ የሉተር ቁጣ እንግዳ ሳይሆንበት አልቀረም።

ከብዙ ዘመን በኋላ ደግሞ ፕሮቴስታንቶች በበኩላቸው ከወረታ ብዙም ወደማይርቀው፣ በደብረ ታቦር አጠገብ ወዳለው ጋፋት መጡ። በኢየሩሳሌም የነበረው ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት የላካቸው የእጅ ሙያተኛ ሚስዮናውያን ያሰቡት ወንጌል ሊሰብኩ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን ከስብከታቸው ይልቅ እጃቸውን ፈለጉት፤ ሴባስቶፖል መድፍ የተሠራው እዚያው ጋፋት ነው። ጸጋን ሊሰብክ የመጣ ሰው በብረት ሥራ ሲመዘን ማየት፣ መቼም የታሪክ ቀልድ ነው።

ፎገራ ግን ከዚህ የሚከብድ ጥያቄ አለው። አለም በር አቅራቢያ የአውራምባ ማኅበረሰብ ይኖራል። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት ይህ ማኅበረሰብ በአንድ ፈጣሪ ያምናል፤ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የለውም። ወንዱ ይፈትላል፣ ሴቷ ታርሳለች፤ አረጋውያን መጦሪያ ቤት አላቸው፤ የታመመ በጋራ ይረዳል። ከማሳ ጥበት የተነሣ ሽመና ዋና መተዳደሪያቸው ነው። በእምነታቸው የተነሣ ጎረቤት ሲጠላቸው ኖሯል፤ በደርግ ዘመንም ከቀያቸው ተሰደው ሥርዓቱ ሲወድቅ ተመልሰዋል። ለክርስቲያኑ ጎረቤት ጥያቄው ይህ ነው፦ ያለ ጥምቀት የሚደረግ መልካም ሥራ ምን ይባላል? ማቴዎስ ምዕራፍ 25 የተራበ ያበሉትንና የተጠማ ያጠጡትን ሲያመሰግን የሃይማኖት መታወቂያ አይጠይቅም። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ጥምቀትን ከምሥጢራት አንዱ አድርጋ ትይዛለች፤ ይህንንም አትለቅም። ቢያንስ ጎረቤትን መጥላት ግን ከየትኛውም መጽሐፍ አይወጣም።

አውራምባ በተመሠረተበት በዚያው በ1964 ዓ.ም. ጉዲና ቱምሳ በዋና ጸሐፊነት ይመሯት የነበረችው፣ የሉተርን ትምህርት የምትከተለው መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን፣ ወንጌል መስበክንና ሰውን በልማት መርዳትን ነጣጥላችሁ አትዩ የሚል ደብዳቤ ለውጭ ለጋሾቿ ጽፋለች። በ1999 እ.ኤ.አ. ደግሞ ካቶሊኮችና ሉተራውያን፣ ሉተር ከተነሣ ከ482 ዓመት በኋላ፣ አውግስቡርግ ላይ ስለ መጽደቅ የጋራ መግለጫ ፈረሙ። የፎገራ ሰው ግን ጸጋንና ሥራን ለማስታረቅ ጉባኤ የሚያስፈልገው አይመስልም። ደበሎ የለበሰ የአብነት ተማሪ አኩፋዳውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ቁራሽ የምትሰጠው እናት ልትከብርበት አይደለም፤ የማርያም ስም ስለተጠራ ትሰጣለች።

ይህ የጸጋና የሥራ ሒሳብ ግን በተዝካር ላይ ሲደርስ ይጣመማል። ለሙት ቅዳሴ ማስቀደስና ነዳያንን ማብላት የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው። በሬ ጥሎ፣ ጠላ ጠምቆ፣ አገር ምድሩን ጠርቶ የሟች ልጆችን ዕዳ ውስጥ መክተት ግን ልማድ እንጂ ሥርዓት አይደለም። ሟችን አይጠቅምም፤ ልጆቹን ይጎዳል። ነዳይ የሚያበላ ያብላ፤ ድግሱ ይቅር።