አበባ የምንለው ቅጠል፦ በቤት ውስጥ የሚያድጉ የሐሩር ክልል አበቦችና የማክሮ ፎቶግራፍ ማስረጃነት



የዛሬው ርእሰ ጉዳያችን ረጅም የመስክ ጉዞ አይጠይቅም። እዚሁ በለቡ መብራት ኃይል አካባቢ በአንድ ሳሎን መስኮት ሥር የተቀመጠ የአንቱሪየም ማሰሮ ይበቃናል። አንቱሪየም የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ ሐሩር ደኖች ተወላጅ ሲሆን፣ እኛ በምግብነቱ ከምናውቀው ከጎደሬ ጋር የአንድ ቤተሰብ አባል ነው። የአዲስ አበባ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝበት ከደጅ ይልቅ ቤት ውስጥ ይመቸዋል።

እንግዳ ሁሉ «እንዴት ያለ አበባ ነው!» የሚለው ቀዩና የሚያብረቀርቀው ክፍል በሥነ ዕፅዋት አነጋገር ቅጠል ነው። እውነተኞቹ አበቦች ከመካከሉ በወጣው ጣት መሰል ዘንግ ላይ ተጠጋግተው የተሰኩ ደቃቅ ነጥቦች ናቸው። እያንዳንዱ ነጥብ አራት ልባሶች፣ አራት የወንዴ ክፍሎችና በመካከሉ አንድ የሴቴ ክፍል አለው። የራሳችን አደይ አበባም ቢሆን በቅርብ ሲታይ አንድ አበባ ሳይሆን የብዙ ትንንሽ አበቦች ስብስብ ነው። እንግዲህ ዐይናችን በልማድ የሰየመውን ነገር መርምሮ ማረም የማክሮ ፎቶግራፍ የመጀመሪያ አገልግሎቱ ነው።

ማክሮ የሚባለው፣ በጥብቅ ትርጉሙ፣ በካሜራው ሴንሰር ላይ የሚያርፈው ምስል ከአካሉ ጋር እኩል ወይም የሚበልጥ ሲሆን ነው። 24 በ36 ሚሊሜትር የሆነ ሴንሰር በእኩል መጠን ሲያነሣ የሚያየው 24 በ36 ሚሊሜትር የሆነ ቦታ ብቻ ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የሌንሱ ቀዳዳ በኤፍ 8 ላይ ሲሆን ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ወደ 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ቀዳዳውን እጅግ ብናጠብበው ጥልቀቱ ይጨምራል፤ ነገር ግን ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ምስሉ በሙሉ ይደበዝዛል። በዚህ ላይ፣ በእኩል መጠን ሲነሣ ወደ ሴንሰሩ የሚደርሰው ብርሃን ከሩቅ ሲነሣ ከሚደርሰው ወደ ሩብ ይወርዳል።

መፍትሔው ካሜራውን በማቆሚያ አጽንቶ፣ ትኩረቱን በግማሽ ሚሊሜትር እያራመዱ ብዙ ምስሎችን ማንሣትና ጥርት ያሉትን ክፍሎች በኮምፒዩተር ማዋሐድ ነው። ዘንጉ 8 ሚሊሜትር ውፍረት ቢኖረው፣ ከፊቱ እስከ ጎኑ ያለው ጥልቀት 4 ሚሊሜትር ስለሆነ ዘጠኝ ያህል ምስሎች ይበቃሉ። በመስክ ላይ ነፋስ ይህን ሥራ ያበላሸዋል፤ መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ግን አበባው አይነቃነቅም። በበጋ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል በደቡብ መስኮት የሚገባው ብርሃን ኀይለኛ ነው፤ የአንቱሪየም ቅጠልም እንደ መስታወት ያንጸባርቃል። በመስኮቱ ላይ ስስ ነጠላ መዘርጋት ብርሃኑን ያለዝበዋል።

የቤት ውስጥ አበባ ትልቁ ጥቅም ግን ያንኑ አካል በየቀኑ ለመከታተል ማስቻሉ ነው። በአንቱሪየም ላይ የሴቴው ክፍል ቀድሞ ይበስላል፤ በጫፉም ላይ የምታብለጨልጭ ጠብታ ትታያለች። የወንዴው ክፍል ብናኙን ይዞ የሚወጣው ዘግይቶ ነው። ይህ ቅደም ተከተል አበባው በራሱ ብናኝ እንዳይዳቀል ያግዛል። አንድ ፎቶግራፍ ብቻውን ይህን አይነግረንም፤ ቀናቸው የተመዘገበ ተከታታይ ምስሎች ግን ይነግሩናል።

ስለዚህ ተማሪዎቻችን በጥናታቸው ውስጥ የሚያስገቡት የማክሮ ምስል አራት ነገሮችን ይዞ እንዲገኝ አሳስባለሁ፦ በሚሊሜትር የተሰመረ መለኪያ፣ ቀንና ቦታ፣ የማጉላት መጠን፣ እንዲሁም ምስሉ ከስንት ምስሎች እንደተዋሐደ የሚገልጽ ቃል። የተዋሐደ ምስል በአንድ ቅጽበት የታየ ነገር አይደለም፤ ይህን መደበቅ ማስረጃን ማዛባት ነው። የአበባውን ቀለም ለውበት ሲባል ማጉላትም እንዲሁ ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዘክር ደርቀው የተጠበቁ ናሙናዎችን ይዟል። እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2009 በስምንት ቅጾች የታተመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍም ዝርያዎቹን በጽሑፍና በመስመር ሥዕል ይገልጻል። የደረቀ ናሙና ቅርጽንና አካልን ይጠብቃል፤ ቀለምን፣ ጠብታንና የመብሰልን ሂደት ግን ያጣል። ፎቶግራፍ ናሙናውን አይተካም፤ የጎደለውን ይሞላል። በማሰሮ ያለው አንቱሪየም ብዙውን ጊዜ በሰው እጅ የተዳቀለ ስለሆነ ለአገራችን ዕፅዋት መዝገብ ማስረጃ አይሆንም። እጅና ዐይን የሚሠለጥኑበት መለማመጃ ግን ይሆናል። በሳሎን መለኪያ ማስቀመጥን ያልለመደ ተማሪ፣ አበባው ለጥቂት ቀናት ብቻ በሚቆይበት ደን ውስጥ ሲደርስ ዕድሉን ያባክናል፤ ያ አበባ ደግሞ ደኑ ከተመነጠረ ዳግመኛ ላይገኝ ይችላል።