ለሐይቅ ዳር ጉዞ የትኛዋን ሳይክል እንምረጥ?

የሴሚስተሩ ፈተና አልቆ እረፍት ልንወጣ ነው። በሌላ አገር ብዙ ሰዎች በእረፍታቸው የባሕር ዳርቻ ይዘው በሳይክል ይጓዛሉ። እኛማ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ የከተማችን ስም ራሱ ባሕር ዳር አይደል? ጣና ሐይቅ አጠገባችን ነው፤ ከተማውም ሜዳ ነው። ስለዚህ በዚህ እትም ለሐይቅ ዳር ጉዞ ሳይክል እንዴት እንደሚመረጥ ላስረዳችሁ ነው። ምሳሌ የማደርገው የራሴን ጉዞ ነው።

መጀመሪያ መንገዱን ማወቅ

ብዙ ልጆች “የትኛዋ ሳይክል ታምራለች?” ብለው ይጀምራሉ። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ግን “የት ነው የምሄደው? ከማንስ ጋር?” የሚለው ነው። እኔ የምሄደው ከታላቅ ወንድሜና የ2ኛ ክፍል ተማሪ ከሆነችው እህቴ ጋር ነው። ሐይቁን ዳር ዳሩን ይዘን፣ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግረን፣ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ እንወጣለን። ቤዛዊት የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያለበት ቦታ ነው፤ ከላይ ሆነው ሲያዩ ዓባይ ከታች ይታያል። በመንገዳችን አስፋልትም፣ ኮብልስቶንም፣ አፈርም፣ ዳገትም ያጋጥመናል።

ሦስቱ ምርጫዎቼ

ወንድሜ የራሱ ሳይክል አለው። ለእኔ ግን ሦስት አማራጮች ነበሩኝ።

1ኛ. የአጎቴ ኮርሳ። ኮርሳ ቀላልና ፈጣን ናት። ጎማዋ ቀጭን ነው፤ ውፍረቱ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው፤ አየሩም በጣም ተጠቅጥቆ ይሞላል። ስለዚህ አስፋልት ላይ ትበራለች። ኮብልስቶን ላይ ግን እያንዳንዱን ድንጋይ በእጃችሁና በወገባችሁ ታስቆጥራችኋለች። ለስላሳ አፈር ላይ ደግሞ ጎማው ይሰምጣል። ሌላው ችግር ቁመቷ ነው፤ አጎቴ ረጅም ሰው ነው።

2ኛ. የአባቴ ጥቁሯ ሳይክል። እሷ ጠንካራ ናት፤ ፓራፋንጎ አላት፣ ከኋላ ዕቃ መጫኛ አላት። ማርሽ ግን የላትም። ጥርሶቿን ስቆጥር ፔዳሉ ጋ ያለው 48፣ የኋላው 20 ሆነ። 48 ለ20 ሲካፈል 2.4 ነው። ይህ ማለት ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላው ጎማ 2.4 ጊዜ ይዞራል፤ ሳይክሏም ከ5 ሜትር በላይ ትሄዳለች። ለሜዳ ጥሩ ነው፤ ዳገት ላይ ግን እግር ይከብደዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አባቴ ሥራ የሚሄደው በእሷ ነው። ቅዳሜ እኔ ጎማዋን ባጣምም ሰኞ እሱ በምን ይሄዳል? “ውሰጃት” ብሎኝ ነበር፤ እኔ ግን እንጀራችን ያለባትን ሳይክል ለሽርሽር መውሰድ አልፈለግሁም።

3ኛ. የኪራይ ማውንቴን። ጎማዋ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ አየሩም ለስለስ ተደርጎ ስለሚሞላ ኮብልስቶኑን ይችለዋል። ማርሽም አላት። በጣም ቀላሉ ማርሽ ላይ ከፊት 28፣ ከኋላም 28 ጥርስ ነው። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማውም አንዴ ብቻ ይዞራል፤ የምትሄደውም 2 ሜትር ያህል ነው። ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ዳገቱ ግን ይቀላል። መቼም ሁለቱን አንድ ላይ አናገኝም! ችግሯ ገንዘብ ማስከፈሏ ነው። ለአዲስ ጫማ ካጠራቀምኩት ላይ ነው የምከፍለው። ጫማው እስከ ፋሲካ ይቆያል፤ የአባቴ ሥራ ግን እስከ ማክሰኞም አይቆይም። ስለዚህ ማውንቴኗን መረጥኩ።

የትንሿስ ነገር?

የእህቴ ሳይክል ጎማ ትንሽ ነው። የእኔ አንዴ ሲዞር 2 ሜትር ይሄዳል፣ የእሷ 1 ሜትር ከ30 ገደማ። እኛን ለመከተል ብዙ መምታት አለባት ማለት ነው። በቡድን ስንሄድ ፍጥነታችን የሚለካው በትንሿ ጎማ ነው እንጂ በትልቋ አይደለም። ከፊት እሷን እናስቀድማለን፣ ወንድሜ ከኋላ ይጠብቃል። እህቴ የምትነዳው እስከ ድልድዩ ነው። እዚያ እናቴ በባጃጅ መጥታ ትወስዳታለች፤ ሳይክሏም ባጃጁ ውስጥ ትገባለች። “እኔም ሄጃለሁ” ለማለት ግን በቂ ነው አይደል?

ከመከራየታችሁ በፊት ይህን እዩ

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ብሩን ከመስጠታችሁ በፊት፦

ሀ. ቁመት፦ ሳይክሏን በሁለት እግራችሁ መሐል አድርጋችሁ ቁሙ። ሁለቱም እግሮቻችሁ ሙሉ በሙሉ መሬት ካልረገጡ ትልቅ ናት፣ ተዉአት። ኮርቻው ላይ ስትቀመጡና ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበታችሁ ትንሽ ብቻ ይጠፍ። ኮርቻው ዝቅ ካለ ጉልበት ያማል።

ለ. ፍሬን፦ የፊቱንም የኋላውንም ለየብቻ ያዙና ግፏት። ከሄደች አትከራዩ። ቤዛዊት ስትወጡ ሳይሆን ስትወርዱ ነው ፍሬን የሚያስፈልጋችሁ።

ሐ. ጎማ፦ በአውራ ጣት ተጫኑት። ከሰመጠ መንፋት አለበት። ጎሚስታ የሌለበት ቦታ ላይ ቢተነፍስ በእግር ነው የምትመለሱት።

መ. ሰንሰለት፦ ዝገት ካለው ዘይት ይቀባ። ጣና ጨዋማ ስላልሆነ ዕድለኞች ነን። እንደ ምፅዋ ባለ የቀይ ባሕር ከተማ ቢሆን የባሕሩ ጨው ብረቱን ቶሎ ስለሚያዝገው ከጉዞ በኋላ ሳይክሏን ማጠብ ያስፈልግ ነበር።

ስለ ንፋሱም ልንገራችሁ

ቀን ላይ ፀሐይ መሬቱን ከውኃው ቀድማ ታሞቀዋለች። ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ሲወጣ ከሐይቁ ቀዝቃዛ አየር ወደ መሬት ይመጣል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ከቤዛዊት ወደ ከተማ ስንመለስ ንፋሱ ፊታችንን ሊመታን ይችላል። እኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነስተን ከምሳ በፊት ለመመለስ ያሰብነው ለዚህ ነው። ውኃና ቆሎ መያዝ፣ ቀኛችንን ይዘን አንድ በአንድ መሄድ አይረሳም።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ሳይክል ስትመርጡ መንገዱን፣ እግራችሁንና አብሮ የሚሄደውን ሰው አስቡ። ቀለሟ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

መልካም እረፍት!

ከ7ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል