«መብራት» እና «ብርሃን»፦ ስለ ኦፕቶካፕለር አሰያየም

በጎንደር ከተማም ሆነ በደባርቅ ደጋ «መብራት መጣ» ሲባል የመጣው ባለ 220 ቮልቱ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ቃሉ ኃይሉንም ብርሃኑንም አጣምሮ ይዟል። ይህ የፍች ስፋት በዕለት ንግግር አያሳስትም፤ በቴክኒክ ጽሑፍ ግን አደጋ አለው።

ለአብነት ኦፕቶካፕለርን እንውሰድ። መሣሪያው ኃይል መኖር አለመኖሩን በ5 ቮልት ለሚሠራ የሎጂክ ሰርኪዩት ያስታውቃል። ከመስመሩ የሚመጣው ጅረት በሬዚስተር ተገድቦ በመሣሪያው ውስጥ ያለውን ዳዮድ ያበራል፤ ከማዶ ያለው ትራንዚስተር ብርሃኑን ተቀብሎ ለሎጂኩ ምልክት ይሰጣል። የሚሻገረው ብርሃን ብቻ ነው፤ እርሱም አብዛኛውን ጊዜ ለዐይን አይታይም። ሁለቱን ወገኖች የሚያያይዝ ሽቦ የለም።

ተርጓሚው «መብራት ይሻገራል» ብሎ ቢጽፍ፣ አንባቢው ኃይሉ ይሻገራል ብሎ ይረዳል። «ማገናኛ» ብሎ ቢሰይመውም፣ ሠራተኛው የሁለቱን ወገኖች ሽቦ ሊያገናኝ ይችላል፤ ያን ጊዜ የ5 ቮልቱን ወገን የነካ ሁሉ ለ220 ቮልቱ ይጋለጣል።

ስለዚህ በቴክኒክ ጽሑፍ «መብራት» ለኃይሉ፣ «ብርሃን» ለጨረሩ ተለይተው እንዲያገለግሉ፣ መሣሪያውም «ብርሃን አሻጋሪ» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን። ስያሜው የሚሻገረውን ነገር ለይቶ ይናገራልና።