መንገዱ የማን ነበር?

መርከብና ጀልባ ተጋጩ ሲባል መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «መንገዱ የማን ነበር?» የሚል ነው። የኢንሹራንሱም ሰው፣ ጠበቃውም፣ ዜናውን የሰማው ሁሉ ይህንኑ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በብሪጅ፣ ማለትም መርከቡ በሚመራበት ክፍል፣ የሌሊት ተራ ለሚቆም እንደኔ ያለ ኦፊሰር ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ማን ማንን አየ? መቼ አየ? አይቶስ ምን አደረገ?

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2006 «ኡዞ» የምትባል፣ ርዝመቷ ስምንት ሜትር የማይሞላ የእንግሊዝ ሸራ ጀልባ ሦስት ሰዎች ይዛ ከዋይት ደሴት በስተደቡብ በሌሊት ትጓዝ ነበር። «ፕራይድ ኦፍ ቢልባኦ» የተባለችው ግዙፍ የመንገደኞች መርከብ ደግሞ ከፖርትስመዝ ተነስታ ወደ ስፔን እያመራች ነበር። ብሪጁ ላይ ኦፊሰሩና አንድ ተመልካች ነበሩ። ተመልካቹ የጀልባዋን መብራት ያየው አፍንጫቸው ሥር ከደረሰች በኋላ ነው። ኦፊሰሩ መሪ አዞረ፤ ዞር ብሎ ወደ ኋላ ቢያይ መብራት የታየው መሰለው፤ በደኅና አልፋለች ብሎም ጉዞውን ቀጠለ። ኡዞ ግን ወይ ተገጭታ፣ ወይ መርከቧ ባስነሳችው ሞገድ ተገልብጣ ሰጥማለች። ሦስቱም ሰዎች ባሕር ላይ ቀሩ።

በደንቡ መሠረት መንገዱ የኡዞ ነበር፤ በሞተር የሚሄድ በሸራ ለሚሄድ ይለቃልና። ለሦስቱ ሰዎች ግን ይህ ምንም አልፈየደላቸውም። የእንግሊዝ የባሕር አደጋ መርማሪዎች ያወጡትን ዘገባ ሳነብ ቀልቤን የያዙት ትናንሽ የሚመስሉት ነገሮች ናቸው። ተመልካቹ ያደረገው መነፅር በብርሃን የሚጠቁር ዓይነት ነበር፤ እንዲህ ያለ መነፅር ጨለማ ውስጥ እንኳ ከሚመጣው ብርሃን የተወሰነውን ያስቀራል። የካርታ ጠረጴዛው መብራት ዓይንን የሚረብሽ ነበር። ጀልባዋ ላይ የተሰቀለው የራዳር አንጸባራቂም ደካማ ነበር። እያንዳንዱ ለብቻው ሰው አይገድልም። አንድ ሌሊት፣ አንድ ቦታ ላይ ሲገናኙ ግን ገደሉ።

ለዚህ ነው ወጣት ኦፊሰር ተራ ሊረከበኝ ሲመጣ ወሬውን የማስረዝመው። የሰው ዓይን ጨለማን በደንብ እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ካቢኑ ውስጥ ስልኩን ሲነካካ ቆይቶ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ብሪጅ የወጣ ልጅ ዓይኑ ተከፍቶ እንኳ አያይም። ተረካቢው ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ ተራ መረከብ እንደሌለበት ዓለም አቀፉ የባሕረኞች ሥልጠናና የተራ አጠባበቅ ስምምነት በግልጽ አስቀምጧል። በተግባር ግን ሰው ይቸኩላል፤ አስረካቢው እንቅልፉ መጥቷል፣ ተረካቢው ፎርሙ ላይ ለመፈረም ብዕር እየፈለገ ነው። እኔ አላስረክብም። አብረን እንቆማለን። ከፊት ለፊት ያሉትን መብራቶች አንድ በአንድ እንዲነግረኝ አደርጋለሁ፤ የትኛው ቀይ ነው፣ የትኛው አረንጓዴ፣ የትኛው መጀመሪያ ታየ። ሁሉንም ሲቆጥርልኝ ያን ጊዜ እወርዳለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የግጭት መከላከያ ደንብ መንገድ ማን ለማን እንደሚለቅ የሚዘረዝረው ወደ ኋላ ላይ ነው። ሁለት ሸራ ጀልባዎች ሲገናኙ ነፋስ በግራ ጎኑ የሚመጣበት ይለቃል፤ ነፋሱ ለሁለቱም በአንድ ጎን ከሆነ ከነፋሱ በላይ ያለው ከታች ላለው ይለቃል። እነዚህ ሁሉ ከመምጣታቸው በፊት ግን ደንብ 5 አለ። ማንኛውም መርከብ፣ ትልቅም ሆነ ትንሽ፣ ሁልጊዜ በዓይንም፣ በጆሮም፣ ባለው መሣሪያ ሁሉ ዙሪያውን እንዲቃኝ ያዛል። ካልታየ ነገር ጋር መንገድ መለቃቀቅ የለምና ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው። ሸራ ጀልባ ላይ ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ የፊተኛው ሸራ ሰፊ በሆነ ቁጥር በነፋሱ ታችኛው ጎን ያለውን ባሕር ይጋርዳል። መሪ የያዘው ሰው ጎንበስ ብሎ ከሸራው ሥር ካላየ፣ ወይም ሌላ ሰው ፊት ላይ ካላስቀመጠ፣ በግማሽ ዓይን ነው የሚሄደው።

እኔ ያደግሁት ከሊማሊሞ ግርጌ፣ ድብ ባሕር ነው። ከደባርቅ የሚወርደው የጭነት መኪና እያንዳንዱ ኩርባ ላይ ሲደርስ ጥሩንባውን ያስጮሃል፤ ከታች የሚመጣ ካለም ይመልስለታል፤ ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ገደሉንና ጎማውን ያያል። ደንብ 34 ውስጥ ይኸው አለ። ማዶው የማይታይ የወንዝ ወይም የጠባብ መተላለፊያ ኩርባ ላይ የደረሰ መርከብ አንድ ረጅም ጥሩንባ ያሰማል፤ ከወዲያ ማዶ ያለውም በዚያው ይመልሳል። ሊማሊሞ ላይ «መንገዱ የኔ ነው» ብሎ ዝም የሚል ሹፌር አላውቅም። ባሕር ላይ ግን ዝም ብሎ የሚሄድ አለ። ባሕሩ ሰፊ ስለሚመስለው ይሆናል።

ወደብ መግቢያ ላይ ግን ባሕሩ ሰፊ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2011 በእንግሊዟ ካውስ የጀልባ ውድድር ሳምንት «አታላንታ» የተባለች ሸራ ጀልባ ከ250 ሜትር በላይ በምትረዝመው «ሃነ ክኑትሰን» በተባለች ነዳጅ ጫኝ መርከብ ፊት ለማቋረጥ ሞከረች። ሸራዋ ከመርከቧ መልሕቅ ጋር ተያያዘ፣ ምሰሶዋም ተሰበረ። እንደ እግዚአብሔር ፈቃድ የሞተ ሰው አልነበረም። በኋላ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ያለው የጀልባዋን መሪ ነው። ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ሸራ ጀልባና ከ20 ሜትር በታች የሆነ ማንኛውም ጀልባ ከዚያ ውጭ መሄጃ የሌለውን መርከብ ማደናቀፍ የለበትምና። ሜዳ ባሕር ላይ ቅድሚያ የሚሰጠው ሸራ፣ ወደብ አፍ ላይ ሲደርስ ቅድሚያውን ያጣል። ይህን የማያውቅ የመዝናኛ ጀልባ ባለቤት ብዙ ነው።

ትንሽ ጀልባ ያለው ሰው ሁሉ እንዲያውቅልኝ የምፈልገው ሌላም ነገር አለ። ኮንቴይነር የጫነ መርከብ ብሪጅ ላይ ቆሜ ከአፍንጫችን ፊት ያለውን ውሃ አላየውም። ዓለም አቀፉ ሕግ ራሱ እስከ 500 ሜትር ወይም እስከ መርከቡ ርዝመት ሁለት እጥፍ፣ ከሁለቱ ባነሰው ልክ፣ እንዲጋረድ ይፈቅዳል። አንድ ሳንቡቅ እዚያ ውስጥ ከገባ ለኔ የለም። ባየውም ቶሎ ማቆም አልችልም፤ ሞተሩ ወደ ኋላ እየጎተተ እንኳ መርከቡ ረጅም ርቀት ይንሸራተታል። ከባብ ኤል መንደብ እስከ ጅቡቲ ባለው ውሃ ላይ ሌሊት መብራት ሳያበሩ የሚያጠምዱ ጀልባዎች አሉ፤ ሲቀርቧቸው ድንገት ባትሪ ያበራሉ። ብልጭ ያለውን መብራት በኮምፓስ እለካለሁ፤ ትንሽ ቆይቼ ደግሜ እለካለሁ። አቅጣጫው ሳይለወጥ ርቀቱ ብቻ ከቀነሰ ሁለታችንም ወደ አንድ ነጥብ እየሄድን ነው። መሪ አስዞራለሁ፤ በሰፊው፣ ያ ሰው ገና ከሩቅ እንዲያየኝ አድርጌ።

ይህን ሁሉ የማነሳው ለጣና ስል ነው።

ባለፈው ዕረፍቴ ጎርጎራ ወርጄ ነበር። ጀምበር ስትጠልቅ አንድ ሽማግሌ የደንገል ታንኳቸውን እየገፉ ወደ ባሕሩ ወጡ። ታንኳው ከውሃው በላይ ያለው ከፍታ ከክንድ ብዙም አይበልጥ፤ ቀለሙም የውሃውና የሳሩ ቀለም ነው።

«አያ፣ ሲመሽ መብራት አይዙም እንዴ?» አልኋቸው።

«ልጄ፣ ሐይቁን እናውቀዋለን» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፤ ሐይቁን ያውቁታል። ሐይቁ ላይ የሚመጣው ግን እየተለወጠ ነው። ከጅቡቲ ወደብ በየብስ ተጭና የመጣችው ጣናነሽ 2 የተባለች መርከብ ርዝመቷ 38 ሜትር ነው። ከባሕር ዳር ዘጌንና ደቅን እየነኩ የሚመላለሱ የሞተር ጀልባዎችም ጥቂት አይደሉም። በጣና ሰሜናዊና ምሥራቃዊ ዳርቻ እምቦጩ ተንሰራፍቶ ክፍቱን ውሃ ሲያጠበው ትልቁም ትንሹም በአንድ በር ይገናኛሉ። ውሃ የጠጣ ደንገል ለራዳር ከሞገድ እምብዛም አይለይም። ስለዚህ በጣና ላይ ታንኳን ሊያይ የሚችለው ራዳር ሳይሆን ሰው ነው። መሪ የያዘው ሰው፣ ትኬት የሚቆርጠውም ሰው፣ ስልክ የሚያነሳውም ሰው አንድ ከሆነ ደግሞ ማንም አያይም።

የባሕር ደንብ ታንኳንም አልረሳም። በመቅዘፊያ የሚሄድ ጀልባ የመርከብ መብራት ባይሰቅል እንኳ ግጭት ለመከላከል በጊዜ የሚያሳየው ነጭ የእጅ ባትሪ ወይም ፋኖስ በቅርብ እንዲይዝ ያዛል። ስለ መብራት ከዚህ በላይ አይጠይቀውም። በፀሐይ የሚሞላ አንድ ትንሽ መብራት ይበቃል። ወጪውን ግን ባለታንኳው ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ አደጋውን ይዞ የመጣው ፈጣኑና ከባዱ ነውና ባለሞተሮቹ ይክፈሉ። የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን የሀገር ውስጥ ውሃ ትራንስፖርትንም ይቆጣጠራል፤ የጎርጎራና የባሕር ዳር ወደብ መግቢያ ላይ የፍጥነት ገደብ ማስቀመጥ፣ መንገደኛ የሚጭን ጀልባ ሁሉ ከመሪው ሌላ ፊት ላይ የሚቆም ተመልካች እንዲኖረው ማስገደድ በእጁ ነው። ለዚያ ሥራ ደግሞ ከባለታንኳዎቹ ልጆች የተሻለ ዓይን ያለው አይገኝም። ጀልባዎቹ እነሱን ቀጥረው ያሠልጥኗቸው፤ ደመወዛቸውም የመሪውን ያህል ይሁን።